የሆላንዶቹን የአበባ ሥዕል እዚህ ሐዋሳ እንዴት ልሥራው?

የፒያሳዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሥዕልም ዕፀዋትም የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ።

የምሠራው ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ትንሽ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ውስጥ ነው። ባነር፣ የሠርግ ካርድ፣ የሱቅ ታፔላ እንሠራለን። ሲመቸኝ ደግሞ እስላለሁ። በቀደም አንድ የሆቴል ባለቤት መጣና ስልኩን አውጥቶ አንድ የድሮ የሆላንድ ሥዕል አሳየኝ። መደቡ ጥቁር ነው። ማሰሮ ውስጥ አበባ ጢም ብሎ ተሰክቷል። ጥግ ላይ አንዲት ቢራቢሮ አለች። «ይቺን የመሰለች ለእንግዳ መቀበያዬ ሥሪልኝ፤ ትልቅ ትሁን፣ ቱሊፕ ይብዛበት» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ቸገረኝ!

ከዚያ ጽጌረዳና ካርኔሽን ገዛሁ። ከግቢያችን ሂቢስከስና ቡጋንቪላ ቆረጥኩ። ጆግ ውስጥ ሰካክቼ መሳል ጀመርኩ። የሐዋሳን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ቤቴ ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ጠዋት ፍክት ያለችው ሂቢስከስ ማታ ተጠቅልላ ተገኘች። ጽጌረዳው አንገቱን ደፋ። አንዱን አበባ ስጨርስ ጎረቤቱ መልኩን ቀይሮ ይጠብቀኛል። እንደገና ገዛሁ፣ እንደገና ጠወለገ። አበባ ሻጯ አሁን ስታየኝ ሠርግ ያለብኝ ነው የሚመስላት።

ሰዎቹ እንዴት ነው የሠሩት? አንዲት ጓደኛዬ «ቱሊፕና ጽጌረዳ በአንድ ወቅት አያብቡም፣ ሥዕሉ ውሸት ነው» አለችኝ። እውነት ነው? ሌላም አለ። የአምስተርዳሙ ሪክስሙዚየም ሥዕሎቹን በትልቁ በነጻ ያስወርዳል። አውርጄ አስጠግቼ ሳይ አንዳንዱ ቅጠል አረንጓዴ ሳይሆን ሰማያዊ ነው። ስልኬ ነው ወይስ እነሱ እንደዚያ ስለውት ነው? ጥቁሩንስ መደብ አስቀድመው ነው የሚቀቡት ወይስ መጨረሻ ላይ?

ደግሞ እውነቱን ልናገርና ቱሊፕ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የእኛን አበባ ባስገባበት ደስ ይለኛል። ኮርች፣ አደይ አበባ፣ ሐይቁ ዳር ያለችው የውሃ አበባ፣ የቡና አበባ። ያስቃል?

ባጃጅ ላይ ሆኜ

እህቴ፣ ፎቶ አንሺና ከፎቶው ላይ ሳይ። በዚህ ዘመን ጆግ ሥር ቁጭ ብሎ አበባ ሲሞት ማየት ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ይልቅ ቀብድ ተቀብለሻል?

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ዋናውን ነገር ቶሎ ልንገርሽና ልገላግልሽ። ያ ሁሉ አበባ አንድ ቀን እንኳ እንዳለ ማሰሮ ውስጥ ተሰክቶ አያውቅም። ጓደኛሽ ስለ ወቅቱ ልክ ናት። ቱሊፕ በእነሱ ጸደይ ነው የሚያብበው። ጽጌረዳው የሚመጣው ቱሊፑ ከረገፈ በኋላ፣ በጋው ሲገባ ነው። ማቀዝቀዣ ክፍል የለ፣ ከሌላ አገር በአውሮፕላን የሚያመጣ የለ። ታዲያ የት ያገናኛቸዋል?

ሥዕሉ ላይ ነው የሚያገናኛቸው። እያንዳንዷን አበባ ባበበችበት ሰሞን ለብቻዋ እየሳሉ ያስቀምጣሉ። በወረቀት ላይ፣ በውሃ ቀለም፣ አንዳንዴም በዘይት ቀለም። ከዚያ ብርዱ ገብቶ ደጁ ባዶ ሲሆን ከተቀመጠው ክምችት እየመረጡ ማሰሮ ውስጥ ይሰኩታል። ማስረጃ ከፈለግሽ አምብሮሲየስ ቦስኻርት የሚባለውን ፈልጊ። ከ1573 እስከ 1621 (እ.ኤ.አ.) የኖረ፣ አንትወርፕ ተወልዶ ሚድልበርግ ከተማ የሠራ ሰው ነው። ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ስታደርጊያቸው ያቺው አንድ አበባ፣ እንደዚያው እንደታጠፈች፣ ሌላ ማሰሮ ውስጥ ተመልሳ ትመጣለች። በ1618 ገደማ የሠራት፣ መስኮት ላይ የተቀመጠች ማሰሮ ዘ ሄግ በሚገኘው ማውሪትስሃውስ ሙዚየም አለች። ከኋላዋ ጥቁር የለም፤ ሰማይና ሩቅ አገር ነው የሚታየው። እሷንም ለሆቴሉ ሰውዬ አሳዪው፣ ጥቁር ግዴታ እንዳልሆነ ይወቅ።

ሁሉም ግን በክምችት ብቻ አልኖሩም። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው ያን ቫን ሆይሱም አበባዋን ራሷን ካላየ እጁ አይንቀሳቀስም ነበር። በ1742 ለአንድ ደንበኛው ሥዕሉ ለምን እንደዘገየ ሲያስረዳ ምክንያቱ ምን መሰለሽ? ባለፈው ዓመት ቢጫ ጽጌረዳ አላገኘም! አንዲት አበባ ስላጣ ሥዕሉን ለከርሞ አሳደረው። አንዳንዱ ሥራው ላይ ሁለት ዓመተ ምሕረት ተጽፏል። ለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለው የሸክላ ማስቀመጫ ሥዕል 1736 እና 1737 ይላል። ደንበኛሽ ሲያጣድፍሽ ይህን ንገሪው።

ስለዚህ ጆጉን ተይው። አንድ ቀን አንዲት አበባ ብቻ። ጠዋት ቆርጠሽ፣ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ሳያት። ከኋላ የምልሽ በምክንያት ነው። እነዚያ ሥዕሎች ሕይወት ያላቸው የሚመስሉት አንድ ሁለት አበባ ጀርባውን ስለሰጠን ነው። የእኛ ሠዓሊዎች ሁሉንም አበባ እንደ ጉርድ ፎቶ ፊት ለፊት ያቆሙታል። ይሄ ሁሌም ያናድደኛል።

ሰማያዊው ቅጠል። ስልክሽ ጤነኛ ነው። ሰዎቹ አረንጓዴውን ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ሰማያዊና ቢጫ በማገናኘት ነበር። ቢጫው ከዕፀዋት የተጨመቀ ቀለም ነው፤ ብርሃን አይችልም። ዘመን ሲቆጠር ቢጫው በነነና ሰማያዊው ብቻውን ቀረ። ቫን ሆይሱም ላይ በተለይ ጎልቶ ይታያል። እንግዲህ ሰማያዊ አድርገሽ ከቀዳሽው የሠዓሊውን ሳይሆን የፀሐይን ሥራ ነው የምትገለብጪው። አንቺ አረንጓዴ አድርጊው።

መደቡን አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው ይቀቡታል፤ ግን ለትልልቆቹ አበቦች ቦታ እየተዉ። ነጭ ጽጌረዳ ጥቁር ላይ ብትደርቢ ጥቁሩ ከሥር ሆኖ ያጠቁርብሻል። ቦታዋን በነጣ ያለ ቀለም ትተሽ ዙሪያዋን አጥቁሪ። ቀጫጭኑን ነገር፣ ሐረጉን፣ የሣሩን ጫፍ፣ የቢራቢሮዋን ጢም፣ ከላይ ብትጥይው ችግር የለውም።

ቀይ ጽጌረዳ ደግሞ በአንድ ቀለም አትሠራም። መጀመሪያ ደማቅ ቀይ፣ የማያሳልፍ፣ ዝም ብሎ የተቀባ። ሲደርቅ በላዩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ጠቆር ያለ ቀይ በስሱ፣ ጥላ በሚያርፍበት እጥፋት ላይ ብቻ። መጨረሻ ላይ የቅጠሎቿ ጠርዝ ላይ ነጭ የነካው ሮዝ በቀጭን ብሩሽ። በአክሪሊክም ይሠራል፤ መሃል ላይ እንዲደርቅ መታገሥ ነው። የምታደርጊው አንድ ጽጌረዳ ላይ ሦስት ጊዜ መመለስ ነው። ያ ጥልቀት ያለው ቀይ ከዚያ ይመጣል እንጂ ከውድ ቱቦ አይመጣም።

ቱሊፑን በሚመለከት ሰውዬሽ ምን እንደሚወድ ይገባኛል። ቱሊፕ ኔዘርላንድም መጤ ነበረች፤ ከቱርኮች በኩል ነው አውሮፓ የገባችው። ክሉሲየስ የሚባል የዕፀዋት ሊቅ በ1593 ላይደን መጥቶ የዩኒቨርሲቲውን የዕፀዋት ግቢ ሲያደራጅ ተከላት። ከዚያ አገሩ አበደ። አበባ ሳይሆን መሬት ውስጥ የተቀበረ ሽንኩርት መሳይ ሥር በወረቀት ውል ይሸጥና ይለወጥ ጀመር። የካቲት 1637 ገበያው ተንኮታኮተ። ነጋዴዎቹ የቱሊፕ አልበም ያሠሩ ነበር። አንድ ገጽ፣ አንዲት ቱሊፕ፣ ከሥሯ ስሟ፣ አንዳንዱም ላይ ዋጋዋ። ዩዲት ላይስተር የምትባለዋ ታዋቂ ሠዓሊ በ1643 የቱሊፕ ሥዕል ሠርታለች። በጣም ተፈላጊዎቹ እሳት የመሰለ ዝርዝር መስመር ያለባቸው ነበሩ። መስመሩን የሚያመጣው ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ የተክል ተባይ የሚያዛምተው ቫይረስ መሆኑ የታወቀው በ1920ዎቹ ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰው በታመመ አበባ ላይ ነበር።

አሁን የእኔን ሐሳብ ልናገር። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ፣ በቀለም ጠመኔ ስስል ነው ጡረታ የወጣሁት። ጥቁር መደብ ላይ ከታጨቀው እቅፍ ይልቅ ልቤ የሚያደላው ባዶ ገጽ ላይ ወደተሠራው ነው። አንድ ተክል፣ ከነሥሩ፣ ከነፍሬው። የዚህ እመቤት ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ናት። ፍራንክፈርት በ1647 ተወለደች፣ አምስተርዳም በ1717 ሞተች። አበባ መሳል ያስተማራት የእንጀራ አባቷ ነው። በ1699 ወጣት ልጇን ይዛ ደቡብ አሜሪካ ሱሪናም ድረስ ሄደች። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ዕድሜ፣ ወንድ አጃቢ ሳይኖራት። ታመመችና በ1701 ተመለሰች። በ1705 መጽሐፏን 60 ሥዕል አድርጋ አወጣች። አንድ ገጽ ላይ ተክሉ አለ፣ ቅጠሉን የሚበላው አባጨጓሬ አለ፣ ሙጬው (አባጨጓሬው ቢራቢሮ እስኪሆን የሚተኛበት ሽፋን) አለ፣ ከሙጬው የወጣችው ቢራቢሮ አለች። ይሄም ያው ዘዴ ነው ልጄ። አባጨጓሬውና ቢራቢሮዋ በአንድ ቀን አይገናኙም። እሷ ግን እያረባች፣ እየጠበቀች፣ በየጊዜው የሳለችውን አንድ ቅርንጫፍ ላይ አሳፈረችው።

ሌላዋ ልጇ ዮሐና ሄለና ለአምስተርዳም የዕፀዋት ግቢ ሥላለች። ግቢው ከሩቅ አገር የመጡ ተክሎቹን እያሳለ የሞኒንክስ አትላስ የሚባለውን አሠርቷል፤ በብራና ላይ 420 የውሃ ቀለም ሥዕል። አዎ፣ በብራና።

ያው ግቢ በ1706 ከጃቫ የቡና ችግኝ መጣለት። ከዚያ ዘር የሆነች አንዲት ተክል በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ተሰጠች። የቡናው አገር የት እንደሆነ ለሐዋሳ ሰው አልነግርም። ስለዚህ የቡና አበባ ሆላንዳዊ ሥዕል ውስጥ ቢገባ ማን ይስቃል? የሚስቅ ካለ ወደ እኔ ላኪው።

የሆላንዷን የአበባ ሠዓሊ ራሄል ሮይሽን ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። አባቷ የሰውነት ክፍል እንዳይበሰብስ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሐኪምና የዕፀዋት መምህር ነበር፤ ነፍሳቱን ያወቀቻቸው ከእሱ ቤት ነው። አሥር ልጅ ወልዳ ነው የሣለችው። በ83 ዓመቷ ሥዕሏ ላይ ከስሟ ጋር ዕድሜዋን ጽፋለች። አንቺ ገና ነሽ።

የብራና ልጅ

መምህር፣ ብራናውን ካነሡት ዝም ልል አልችልም። እኔ እዚህ ሐዋሳ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው የምሠራው፤ ብራና መፋቅ ከአያቴ ነው የተማርኩት።

የእነሱ ብራና ብዙውን ጊዜ የጥጃ ቆዳ ነው። የእኛ በአብዛኛው ፍየል ነው። ሥራው ግን ዘመድ ነው። ቆዳው ይነከራል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጸጉሩ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ በሸካራ ድንጋይ ይታሻል። ያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላል ድንጋይ እዚህ አካባቢያችን ሞልቷል፣ የእሳተ ገሞራ አገር አይደል። የውሃ ቀለም ብራና ላይ እንደ ወረቀት ወደ ውስጥ አይጠጣም። ላዩ ላይ ቁጭ ይላል። ለዚህ ነው የድሮዎቹ አበቦች ዛሬም የሚያበሩት። በሌላ በኩል ደግሞ ውሃ ካበዛሽ ብራናው ይነሣብሻል፣ ይጨማደዳል። ብሩሽሽ እርጥብ ሳይሆን ወዝ ብቻ ይኑረው። ቀለሙን በነጠብጣብና በጭረት እየጨመርሽ አጥቁሪ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ብራና የአየሩን እርጥበት ይሰማል። ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ግድግዳ ላይ ዝም ብለሽ ብትሰቅይው ክረምት ላይ ተጠቅልሎ ታገኚዋለሽ። ጠርዙ ሰሌዳ ላይ መወጠር አለበት። ለትልቁ ሥዕል ሸራ ይሻልሻል። ትንንሾቹን የአበባ ጥናቶች በብራና ለመሥራት ከፈለግሽ ቁርጥራጭ አለኝ፣ ነይ ውሰጂ።

ባቱ ፓክሃውስ

እኔ ባቱ አንድ የጽጌረዳ እርሻ ፓክሃውስ (አበባው የሚታሸግበት ቤት) ውስጥ ነው የምሠራው። ከእኛ የሚወጣው አበባ አብዛኛው መድረሻው ኔዘርላንድ ነው። ሆላንዶች የድሮውን በሥዕል አቆዩት፣ የአሁኑን ደግሞ እኛ እናበቅልላቸዋለን። ይሁን።

እህቴ፣ አበባሽ የሚሞተው ከአያያዝ ነው። ፀሐይ ሳይወጣ ቁረጪ። ወዲያው ባልዲ ውኃ ውስጥ ክተቺ፤ መንገድ ላይ ይዘሽው አትዙሪ። ቤት ስትደርሺ ከግንዱ ጫፍ ሁለት ጣት ያህል በስለታም ቢላ በሰያፍ እንደገና ቁረጪ። መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል፣ ውኃ አይስብም። ውኃው ውስጥ የሚገባ ቅጠል አይኑር፣ ይበሰብሳል። ውኃውን በየቀኑ ቀይሪ። ሙዝ አጠገቡ አታስቀምጪ፣ ከሚበስል ፍሬ የሚወጣው ጋዝ አበባን ያረጃል። ማታ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ አሳድሪው። እንዲህ ከያዝሽው ጽጌረዳ ቀናት ይቆይልሻል። ሂቢስከስን ግን አትልፊበት፤ የአንድ ቀን አበባ ናት፣ ምንም ብታደርጊ ማታ ትዘጋለች።

ቱሊፕ እዚህ አተክላለሁ ብለሽም አታስቢ። ሥሯ ለሳምንታት ካልበረዳት አታብብም። ተቆርጣ የመጣች ካገኘሽ ደግሞ ውኃ ውስጥ ሆናም ታድጋለች። ጠዋት ቀጥ ብላ የተውሻት ማታ ወደ መስኮቱ ጎብጣ ትጠብቅሻለች። ሥዕሎቹ ላይ ቱሊፖቹ ለምን እንደዚያ እንደተጠማዘዙ የገባኝ ይሄኔ ነው። ጌጥ መስሎኝ ነበር።

መምህር ካሉት የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። ሰውየው ቱሊፕ ብሎ ካዘዘ ቱሊፕ ይግባለት። ገንዘቡ ነው።

ጡረተኛው መምህር

ገንዘቡማ ገንዘቡ ነው። እኔ ከቱሊፑ ጎን ኮርች ብትቆም ማን እንደምታስንቅ አውቃለሁ ነው የምለው። ያ ቀይ፣ ቅጠል እንኳ በሌለው ቅርንጫፍ ላይ! የባቱዋ ግን ያያያዙን ነገር ከእኔ አስበልጠሽ ነው የነገርሻት።

የፒያሳዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን ለአለቃዬ ሁሉ አነበብኩለት። የብራና ልጅ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ፤ አድራሻህን በውስጥ ላክልኝ። የባጃጁ ልጅ፣ ቀብዱን ተቀብያለሁ፣ ግማሹ አበባ ሻጯ ጋ ነው ያለው።

ሰውየውን አናገርኩት። የቫን ሆይሱምን ቢጫ ጽጌረዳ ነገርኩት። ሳቀና ቀኑን አራዘመልኝ። መሃል ላይ ሁለት ቱሊፕ፣ እነሱን ከሙዚየሙ ምስል ላይ አጥንቼ እስላለሁ። የቀረው የእኛ ይሁን አለ። የውሃ አበባዋን ከአሞራ ገደል የጀልባ ልጆች ያመጡልኛል። አደይን መስከረም ላይ ስያት ያስቀመጥኩት አለኝ። ኮርቿን ከመንገድ ላይም አገኛታለሁ። የቸገረኝ የቡናዋ አበባ ነው። መቼ እንደምታብብ በትክክል የሚያውቅ አለ? ጋሼ እንዳሉት ቀዩን ፍሬም አበባውንም አንድ ቅርንጫፍ ላይ ማድረግ አምሮኛል።

ባጃጅ ላይ ሆኜ

ይሄንንስ እኔ አውቃለሁ። እናቴ አለታ ወንዶ ናት፣ ጓሮዋ ቡና ነው። ከደረቁ ወራት በኋላ ደህና ዝናብ ሲጥል ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ሳምንት አለፍ እንዳለ በአንዴ ነጭ ይሆናል። ሽታው መንገድ ድረስ ይመጣል። የሚቆየው ግን ሁለት ሦስት ቀን ነው። ስለዚህ ስደውልልሽ ነገ ከነገ ወዲያ የለም። በማግስቱ በጠዋት መናኸሪያ ተገኚ። ብራናሽንም ወንበርሽንም ይዘሽ ነይ፣ እዚያ የሚቀመጡበት ድንጋይ ብቻ ነው። የደረቀ ቀይ ፍሬ ከአምናው ታስቀምጥልሻለች፣ መልኩን ከፎቶ ታሟያለሽ። አየሽ፣ ፎቶ ያልኩሽ ዞሮ ዞሮ አልቀረም።

እናቴ ደግሞ እንግዳ ቡርሳሜ (በቅቤ የተለወሰ የቆጮ ምግብ) ሳይበላ አታስወጣም። ቅቤ የማይስማማሽ ከሆነ ካሁኑ ተናገሪ።